ዳማከሴ የቀጠፍን ዕለት

ሰሞኑን ወረታ ገበያ ዳማከሴ የምትሸጥ ሴት አገኘሁና አንዷን ቅጠል አሸት አድርጌ አሸተትኋት። ልቤ ወዲያው ርብ ወንዝ ዳር ሄደ።

ልጆች ሳለን ታናሽ ወንድሜን ምች መትቶት ሰውነቱ እንደ እሳት ይነድ ነበር። አክስቴ በማለዳ ዳማከሴ ልትቀጥፍ እኔን አስከትላ ወጣች። መድኃኒት ቀጣፊ ወጥቶ እስኪመለስ ሰው አያናግርም፤ ካናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል ይባላል። ስለዚህ ቁጥቋጦውን ያሳየችኝ በጣቷ ብቻ ነው። መራራ የግራዋ ቅጠል ምላሴ ላይ አስነካችኝና ፊቴ ሲኮማተር ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ቄጠማው ውስጥ የሚዋኙትን የውኃ ወፎች፣ ይብራዎቹን፣ እንዳላስደነግጥም ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

ቀጥፈን ስንመለስ የነፍስ አባታችን ከፊታችን መጡ።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ?»

እሷ እጅ ነስታ ዝም አለች። እኔ ግን ትልቅ ሰው ሰላም ሲል ዝም ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝና «እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንዴት አደሩ አባ?» አልሁ። ትዝ ሲለኝ «ወንድሜን ገደልሁት!» ብዬ አለቀስሁ።

አክስቴ ቁጭ ብላ እንባዬን ጠረገች። «የኔ ጌታ፣ ሰላምታ ሰው አይገድልም። ለእናትህ ግን አትንገር፤ ግማሹ መድኃኒት እሷ ልብ ውስጥ ነው» አለችኝ። ነገሩ ያኔ አልገባኝም።

ቤት ስንደርስ እናቴ «ሰው አናገራችሁ?» አለች።

«ማንን እናናግራለን?» አለች አክስቴ ቅጠሉን እየጨመቀች።

ወደ ማታ ወንድሜ አልቦት ውኃ ጠየቀ።

ዛሬ ይፋግ ውስጥ የልጅ ልጅ አይቷል። «አፋችሁን ዘግታችሁ የቀጠፋችሁት መድኃኒት ነው ያተረፈኝ» ይለኛል። እኔም አክስቴን ላለማሳጣት ዝም እላለሁ።