የጽዋው ተራ

ሥራነሽን ያናደዳት የባሏ መርሳት አይደለም። መርሳቱንስ ቻለችው፤ በሬዎቹን ለውሃ ነድቶ ብቻውን ሲመለስም፣ እሷን በሟች እህቱ ስም ሲጠራትም ችላለች። ያንገበገባት የማኅበርተኛው ነገር ነው።

ባሏ እንዳላማው ከሉማሜ ወጣ ባለች መንደር ሠላሳ ዓመት የጊዮርጊስ ማኅበር ጠጥቷል። ባለፈው ግንቦት ተራው ደርሶ ደግሷል። በኅዳር ግን ተራው የማኅበርተኛው የታረቀኝ ሆኖ ሳለ "የእኔ ነው" ብሎ በታኅሣሥ ሊደግስ ጽዋውን ወሰደ። ኧረ ገና በቅርቡ ደግሰሃል ያለው የለም፤ ድጋሚ ድግስ ማን ይጠላል! ለሚስቱ ሳይነግር ጎታ ውስጥ ደበቀው። ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ቀን አሥራ ሁለት ሰው ጋቢውን ደርቦ ሲመጣ ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ፤ ጽዋውም የለ። ሥራነሽ እበት እየዛቀች ነበር። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ ወዲያ ሰስቶ ነው አሉ። የለም፣ ዛር ነው አሉ። ታሞ ይሆን ብሎ ደጁን የረገጠ ግን አልተገኘም።

ጸበል አስጠመቀችው። ደብረ ማርቆስ ወስዳም አስመረመረችው። ሐኪሟ ነገሩ እርጅና ብቻ ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑን፣ የሚያድን መድኃኒትም እንደሌለው ነገረቻት። ካልተቆጡትና ብቻውን ካልተዉት ግን ደህና ደህና ቀን ይኖረዋል፤ ለብቻሽ አትችይውም፣ የሚያግዝሽ ፈልጊ አለቻት። ሥራነሽ በምሬት ሳቀች። ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲል የኖረው ማኅበርተኛ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሸሽቷል።

በጥር ማኅበሩ ታረቀኝ ቤት ተቀምጦ የባሏን ስም ሊፍቅ መሆኑን ሰማች። ከጎታው ጤፍ ልትሰፍር ስትል ያገኘችውን ጽዋ ይዛ ሄደች። ሙሴ ብለው የማኅበሩ መሪ አድርገው ከሾሙት ከአበባው ፊት አስቀመጠችው።

"ስሙን ፋቁት" አለች። "ግን በግንቦት የበላችሁበትን ቤት በኅዳር የረሳው እሱ ብቻ ነው? እሱስ ታሞ ነው፤ እናንተን ምን ነካችሁ?"

ጽዋውን ገፋ አደረገችው።

"ለመብላት ተራ ታውቃላችሁ። እስቲ እሱን ለመጠበቅም ተራ ግቡ። እኔም ገበያ ልውጣ፤ ውሃ ልቅዳ።"

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ስሙ ሳይፋቅ መቅረቱን የሰማችው ከሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አበባው ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። እንዳላማው እንደ ሰሞኑ ሁሉ በሩ ላይ ተቀምጧል። ለምን እዚያ እንደሚውል ሥራነሽ አታውቅም ነበር።

"ብቻህን መጣህ?" አለው እንዳላማው። "ሌሎቹስ? ስጠብቃችሁ ሰነበትሁ።"

አበባው አጠገቡ ቁጭ አለ። የሥራነሽ ንዴት አልበረደም፤ ግባም አላለችው። ጀሪካኗን አንስታ አልፋቸው ሄደችና ዞር አለች።

"አደራ አያ አበባው" አለችው። "አንተ ደግሞ እንዳትረሳው።"