የአጎቴ ብቸኛ ቁጥር

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰፈርተኛው ግን «አካፋዩ» ይለው ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ስለ 829348951 ሳይሰማ አይወጣም። በወጣትነቱ ከገዛ ራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ለሁለት ሞከረው፣ ለሦስት፣ ለሰባት፤ እምቢ አለው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ይባላል። ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ እስከ ሃያ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ነበረበት፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖረው ጥንዱ ከዚያ በታች ይገኛልና። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አጎቴ ጀመረ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ጨርቅ የሚቆርጥበትን ጠረጴዛ ያጸዳና ጠመኔውን ያነሳል። ሚስቱ እትዬ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ከአሮጌ የሒሳብ መጽሐፍ ተረኛውን ቁጥር ታነብለታለች። ያካፍላል፣ ቀሪ ይወጣል፣ በክርኑ ይጠርገዋል። የሰው ልብስ ሲያሳምር የእሱ እጅጌ እንደ ዱቄት ነጋዴ ነጥቶ ይታይ ነበር። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ሆኖ «አባዬ፣ አለቀ?» ይለዋል።

የ7919 ተራ የደረሰ ቀን፣ አጎቴ ማካፈሉን ገና እንደ ጀመረ፣ ጎረቤት እየጮኸች ገባች። ያን አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ነበር። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም።

ከሐዘኑ በኋላ አጎቴ ሱቁን ይከፍታል እንጂ ሥራ አይነካም። ግድግዳ እያየ ይውላል። እህል አልወርድለት አለ። በራሱ ላይ አንድ ነገር እንዳያደርግ ፈርተን መቀሱን ደበቅንበት። አንድ ቀን እትዬ ጠረጴዛውን አጽድታ፣ መጽሐፉን ገልጣ «7927» አለች። አጎቴ ዞር ብሎ አያት፤ እጁ ጠመኔውን ፈለገ። የዚያን ዕለት ራቱን በላ።

ከዓመታት በኋላ ጨረሰ። «ለማንም አልተካፈለም! ከዚህ ቤት ቢያንስ አንድ ነገር ሳይጎድል ተረፈ» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በመጨረሻ ታመመ፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት መለሱት። «እስቲ በስልክሽ እዪልኝ» አለኝ ከአልጋው። «አረጋግጬ ልሂድ።»

ግቢ ወጥቼ ቁጥሩን አስገባሁ። ስልኩ ያን ሁሉ ዓመት ለመናድ ቅጽበት አልፈጀበትም፦ 7919 ሲባዛ በ104729። ደሜ ፈላ። እትዬ ሱቅ ውስጥ የደንበኛ ቀሚስ እየጨረሰች ነበር።

«እትዬ፣ አንዱን ዘለሽበታል!»

«አውቃለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከቀብር መልስ ብቻዬን ገባሁ። የጀመረው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጠርገው እጄ እምቢ አለኝ፣ ጨረስኩት። ቀሪ የለውም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ያኔ ብነግረው ምን ይዞ ይነሳል ልጄ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ያን ሁሉ ዓመት፣ ማለቁን እያወቀች፣ በየቀኑ ተረኛውን ቁጥር ስታነብለት ኖራለች። ልቆጣ የመጣሁት እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ።

አብረን ስንገባ አጎቴ ዐይኑን ገለጠ።

«እህስ፣ ስልክሽ ምን አለ?»

እትዬ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ታየኛለች።

«አልተካፈለም፣ አጎቴ።»

«ጎሽ» አለና ዐይኑን መልሶ ከደነ። «እንግዲህ ሄጄ ለልጄ አለቀ እለዋለሁ።»