ያልተተፋው የጊሽጣ ፍሬ

የአሉላ እናት አደይ ለተብርሃን በሰርጉ ጊዜ አሟቸው ቀርተው ነበር። ስለዚህ ምራታቸው እጸገነት በአካል ያየቻቸው ከአዲግራት መጥተው ካዛንቺስ ያለችው የባልና ሚስቱ ጠባብ ቤት ሲገቡ ነው። እጸገነት ባምቢስ አንድ መስሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ አለቃዋን አትፈራም። አደይን ግን፣ በቃ፣ ዝም ሲሉ እንኳን ትፈራቸዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከኡራኤል ጀርባ ገበሬዎች ራሳቸው የሚሸጡበት ገበያ ሄደች። አንዱ ሰውዬ ቅርፊቱ የዔሊ ጀርባ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ለሁለት ከፍሎ አቀመሳት። ጊሽጣ ነው አላት። ስሙን እንጂ ጣሙን አታውቀውም ነበር። አደይን ላስደስታቸው ብላ ገዛች።

ቤት ስትመለስ አሉላ ለገሃር ስራ ላይ ነው። ነጩን ከነጥቁር ፍሬው ዝቃ፣

"አደይ፣ በሞቴ" ብላ አጎረሰቻቸው።

"ከበለስ ይበልጣል እንዳልል አገሬ ይታዘበኛል፣ ጓለይ።"

ልጄ ስላሏት ደስ ብሏት ደጋገመችላቸው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ። እሷ ፍሬውን ሳህን ላይ ትተፋለች። አደይ ሲተፉ አላየችም። በለስ ከነፍሬው ነው የሚዋጠው፣ ለምደውት ነው ብላ አለፈችው። አደይም ነጠላቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ።

ወዲያው ጅማ ያደገችው ጎረቤቷ ሸዋአየሁ ወንፊት ልትዋስ ገባች። ሳህኑን አየችው።

"እጹ፣ ይሄን ደጅ እንዳትደፊው፣ ዶሮዬን ትፈጂብኛለሽ። መርዝ እኮ ነው። እኛ ጋ ወቅጠን ለቅማል ነው የምናደርገው።"

"ሰው ቢውጠውስ?"

"ማን ይውጠዋል? እብድ ነው?" ብላ ወንፊቷን ይዛ ወጣች።

እጸገነት አደይ ወደተጋደሙበት አልጋ ሄደች። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ የአደይን ደረት ማየት ጀመረች። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ቆም ያለ ይመስላታል። አሉላ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ቢያነሳስ ምን ልትለው ነው? እናትህን በጉርሻ ገደልኳቸው? የለቅሶው ድንኳንና የሰው ሹክሹክታ ታያት። እግራቸውን ነካችው፤ ቀዝቅዟል።

"አደይ፣ ይነሱልኝ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ፍሬው መርዝ ነው። እኔ ነኝ ያጎረስኩዎት።"

አደይ አይናቸውን ገለጡ። "የቱ ፍሬ?" አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ጥቁሩ ፍሬ እዚያ ነው።

"ምራት ፊት ይተፋል እንዴ? ዘወር ስትዪ እያወጣሁ ቋጠርኩት። ይበቅል እንደሆነ ጓሮዬ ልሞክረው ብዬ።"

እጸገነት ማልቀስ ጀመረች።

"አንዷ ግን ሳታመልጠኝ አልቀረችም" አሉ አደይ፣ እየሳቁ።

እጸገነት በባዶ እግሯ ሸዋአየሁ ቤት ሮጠች።

"ሳያኝኩ ነው የዋጧት? ፍሬዋ ካልተሰበረች አትጎዳም፤ እንደገባች ትወጣለች፣ ተይኝ" አለቻት ሸዋአየሁ።

ራት ላይ አደይ ጠቅለል አድርገው አጎረሷት። እጸገነት ከመዋጧ በፊት በምላሷ ፈተሸችው።