ጭኔ ላይ የተከመሩት ቦርሳዎች

ጅቡቲ በኖርኩባቸው ዓመታት ባልባላ በሚባል ሰፈር ከእህቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እህቴ ሰፈር ውስጥ ሻይ ትሸጣለች፤ እኔ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቤት እየተመላለስኩ አጸዳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበስላለሁ። ተመላላሽ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። የማውቃቸው የአገሬ ልጆች ሁሉ አሠሪዎቻቸው ቤት ነበር የሚያድሩት። እኔ ግን አመሻሽ ላይ ከእህቴ ጋር በራችን ላይ ተቀምጠን፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ማውራቱን ምንም ቢሆን አልለቅም ብዬ አሠሪዬን ማዳምን ለመንኳት። እሺ አለችኝ። "ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ካልደረስሽ አዳሪ ትሆኛለሽ" አለች።

በጅቡቲ ሚኒባስ መውረድ የፈለገ ሰው አይጮኽም። ሳንቲም ያወጣና የመስኮቱን ብረት ያንኳኳል፤ ሹፌሩ ሰምቶ ይቆማል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ፣ ስንት ጊዜ ሰፈሬን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። እዚህ አንዲት ሳንቲም ትናገርልኛለች።

ችግሩ ተማሪዎቹ ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው እኔ ከምወርድበት መታጠፊያ አልፎ ስለነበር ጠዋት ጠዋት አብረን ነው የምንሄደው። ይገፋፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በመስኮት የብስኩት ወረቀት ይወረውራሉ። ከሁሉ የሚወዱት ግን ሳይወርዱ ማንኳኳት ነው። ሹፌሩ፣ ጸጉሩን በሂና ያቀላ ሽማግሌ፣ ይቆምና ዞሮ ያያቸዋል።

"ማነው የሚወርደው?"

"ጂኒ ነው አዴር፤ አሁን ወረደ" ይሉታል። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው።

የቦርሳውን ጣጣ በራሴ ላይ ያመጣሁት እኔው ነኝ። በእኛ አገር የተቀመጠ ሰው የቆመ ሰው ዕቃ ይይዛል። አንድ ቀን የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አጠገቤ ቆማ ስትንገላታ ቦርሳዋን ተቀበልኳት። በማግስቱ ሦስት ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ክምሩ አገጬ ደረሰ። ጥርሰ ወላቃዋ እንዲያውም ከላይ ደብተሯን ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትጨርስበት ጀመር። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ፣ የምትጽፈውን በጎን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ግን ተይዟል። ከቦርሳዎቹ ሥር ሳንቲሟን ፈልጌ እስካወጣ መታጠፊያው ያልፋል። አፍ አውጥቼ አልናገር ነገር፣ ዝም ብዬ ትምህርት ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ።

እንዲህ ሆኜ ለሁለተኛ ጊዜ ሳረፍድ ማዳም በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ።

"አንድ ጊዜ ደግሞ ከደገምሽ ፍራሽሽን ይዘሽ ነይ" አለች።

በማግስቱ ክንዴን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ቦርሳ ሲሰጡኝ አልቀበልም አልኩ።

"አባዮ፣ ታመምሽ?" አለች ጥርሰ ወላቃዋ። እህቴ ማለቷ ነው።

ከገበያ በለቀምኳት ሶማሊኛ ነገርኳት። ቦርሳ ስይዝ ማንኳኳት አልችልም፤ ትናንት መውረጃዬ አለፈኝ፤ ዛሬ ካለፈኝ ከእህቴ ቤት እወጣለሁ። እሷም ተቀብላ ለሚኒባሱ በሙሉ አወጀችው።

"እኛ እኮ ትምህርት ቤት ልትመዘገቢ የምትመጪ መስሎን ነበር" አለ ከኋላ አንዱ ወፍራም።

ሳቁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

"አምጪ ጭንሽን፤ ዛሬ የምናንኳኳው እኛ ነን" አለች ልጅቷ። ቦርሳዎቹ ተመለሱ።

መታጠፊያው ሲቃረብ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንኳኩ፤ በሳንቲም፣ በማስመሪያ፣ በምሳ ዕቃ ክዳን። ሽማግሌው ግን ጭራሽ ነዳጅ ሰጠ።

"ዛሬ አልታለልም" አለ።

"ወላሂ ትወርዳለች አዴር!"

"ማን፣ ጂኒዋ?"

በእሱ አልፈርድም። ስንት ቀን አታለውታል። መታጠፊያው ከፊት መስታወቱ ወደ ጎን መስኮቱ ሲያልፍ አየሁት፤ ፍራሼን ተሸክሜ የማዳምን ደረጃ ስወጣም ታየኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"አዴር፣ ጆግሶ!" ቁም ማለት ነው።

ሚኒባሱ ቀጥ ሲል ቦርሳዎቹ ተንሸራተው እግራችን ሥር ወደቁ። ሽማግሌው በመስታወቱ አየኝ።

"ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?" አለ።

ዘልዬ ወርጄ ሮጥኩ። ማዳም በሩን ስትከፍት ላቤን በሻሼ እየጠረግኩ ነበር። ወደ ውስጥ ዞራ የግድግዳውን ሰዓት አየችና "ግቢ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ጥርሰ ወላቃዋ እጇን ታነሳለች። "ዝም በሉ፣ አባዮ ልትናገር ነው" ትላለች፤ ዝም ይላሉ። ሽማግሌው ቀድሞ ፍጥነቱን ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ሳልናገር ግን አይቆምም። ቃሌን እናገራለሁ፣ ቦርሳዎቹን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉልኛል። ከኋላዬ ጩኸቱ እንደገና ይነሳል።

አንድ ቀን ማዳም ቀሚሴ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አየች።

"ልጅ አለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"የሚኒባስ ልጆች ናቸው" አልኳት።

ሳቀችና ሎሚ እንዳሽበት ነገረችኝ። አሸሁት፤ ለቀቀ። በማግስቱ ሌላ ቀለም ይዤ መጣሁ።