ቅሬ የተጠራለት ሊፍት

ሐኪሙ የጀርባዬን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ትንሽ አየና "በል፣ መኪና ስር መተኛት ይብቃህ" አለኝ።

"እስከ መቼ?" አልኩት።

"እስክትሞት ድረስ።"

ቀጠሮ በማራዘም የታወቅኩ መካኒክ ነኝ። የሐሙሱን ሰው ለሰኞ፣ የሰኞውን ለሚቀጥለው ሐሙስ ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ። ይሄኛው ቀጠሮ ግን ምንም ሳልነካው በራሱ እንዲራዘም ከልቤ ተመኘሁ።

ጋራዤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ መኖሪያ ግቢዬ ውስጥ ነው። ጋራዥ ስል ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ሰፊ በርና ብዙ ካርቶን ማለቴ ነው። ካርቶኑ የምተኛበት ነው። የደሴን መሬት ቅዝቃዜ ካርቶን እንደማይመልሰው ወገቤ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ወሬው ኮምቦልቻ የደረሰው እኔ ከሐኪም ቤት ወጥቼ ቤቴ ሳልገባ ነው። እዚያ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ሐጅ አድርገው ከመጡ ወዲህ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ሐጂ የዚያኑ ቀን ሱቃቸው ውስጥ አንድ ወንበር አዘጋጁልኝ። መደገፊያው ስፖንጅ፣ የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠ ወንበር። በደወሉ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ "ወንበርህ እየጠበቀህ ነው" ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ መኪናን በሆዷ የማውቅ ሰው ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ "የቀኙ ነው የግራው?" እያልኩ ልሸጥ? ከዚያ አፈር መልበስ ይሻለኛል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የባለቤቴና የሐጂ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ሐርቡ መንገድ ዳር መኪናቸውን በክሪክ አንስተው ስሩ እንደገቡ ክሪኩ ተንሸራተተ። ይሄ የሆነው እኔ የቤተሰቡ አማች ከመሆኔ በፊት ነው፤ በቤታችንም አይወራም። ባለቤቴ ግን መኪና በክሪክ ካነሳሁ ጋራዡ ውስጥ አትገባም። ለምሳ እንኳ የምትጠራኝ ከበሩ ውጪ ቆማ ነው፤ "እሺ" እስክላት ድረስም ንቅንቅ አትልም።

ሊፍቱን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ባለቤቱ ሥራ ለውጦ ሊዘጋው በነበረ ጋራዥ ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች፣ አራት ክንዶች፣ አንድ ሞተር። ምሰሶዎቹ ጥግ ላይ ተጋድመው ዶሮዎች ያድሩባቸው ነበር። ሰውዬው "ወላሂ፣ እንደ አዲስ ነው!" ብሎ ማለልኝ። ዶሮዎቹም የተስማሙ ይመስሉ ነበር።

ያደስኩት እዚያው ሰውዬው ግቢ ውስጥ ነው፤ ደሴ ላይ የተቀባ ቀለም እስኪደርቅ ሰው ይሸብታል፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ግን ትጋግረዋለች። የዶሮውን ነገር በውሃ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስለቀቅኩ። ዘይት የሚያፈሱትን ማሸጊያ ጎሚኒዎች ቀየርኩ፣ የብረት ገመዶቹን በአዲስ ተካሁ። ከሁሉ በላይ የደከምኩት መቆለፊያው ላይ ነው። ክንዶቹ መኪና ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ በየደረጃው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚይዝ የብረት ጥርስ ምሰሶው ውስጥ አለ። ዘይቱ ቢፈስ፣ ገመዱ ቢበጠስ፣ መብራት ቢጠፋ መኪናው ባለበት ይቆማል። የአንደኛው ምሰሶ ጥርስ በሽቦ ታስሮ አገኘሁት። ለምን ብዬ ሰውዬውን ብጠይቀው "ድምፁ ራስ ያዞራል" አለኝ። አስበው እንግዲህ! ሽቦውን ፈትቼ ወረወርኩት፤ ጥርሱን አንድ በአንድ ሞረድኩት።

ሐጂ ሱቃቸው ቅርብ ስለሆነ አንዳንዴ ብቅ ይላሉ። ራቅ ብለው ይቆሙና "አሁን ይኸ የዶሮ ቤት መኪና ሊያነሳ ነው?" ይላሉ። "አብሽሩ ሐጂ" እላቸዋለሁ። "እኔስ አብሽሬአለሁ፣ ወንበርህ ነው የጨነቀው" ብለው ይሄዳሉ።

ሊፍቱ በጭነት መኪና ኮምቦልቻን ለቆ ሽቅብ ደሴ ገባ፤ እስከ ሰፈራችን ድረስም ያለ ችግር መጣ። ከዋናው መንገድ ወደ እኔ ግቢ የሚያስገባው ቅያስ ግን ጠባብና ጠምዛዛ ስለሆነ ከፒክአፕ የሚበልጥ መኪና አያሳልፍም። ይሄን እኔ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። ዝም ብዬ አላሰብኩትም።

የቅሬያችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ይቀብርበታል፣ ይረዳዳበታል። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሬን ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉኝ። አንዱ ሎሚ ሦስት መቶ ኪሎ ይመዝናል ብዬ ላስደነግጣቸው አልፈለግኩም። ለፋፊውን ጠርተው "ለብረት ሸክም ሰው ጥራ" ብለው ላኩት።

ለፋፊው ግን ዕድሜውን ሙሉ የጠራው ለቀብር ነው። አፉ የለመደው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቅሬ ውጣ! መካኒኩ ቤት ነው! ቅሬ ውጣ!" እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። ብረት የሚለውን ቃል የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

በዚህ ላይ ቀለሙ እንዳይጫር ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች የሸፈንኩት ባለቤቴ በሰጠችኝ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ነው። ለመሸከሚያ እንዲመች ደግሞ ግራና ቀኙን ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት አሰርንበት። እኔ ምሰሶው የሚያርፍበትን ቦታ ላሳይ ወደ ግቢዬ ቀደምኩ። ብረቱን አብረውኝ ያሰሩት ሰዎች "ያ አላህ!" ብለው ትከሻቸው ላይ አወጡት። የቅሬ ሰው አንድ አረማመድ ነው ያለው፤ ፈጠን ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻ እየተቀያየረ። አንዱ እንዳመሉ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" ሲል ሌላውም ተቀበለው። በአገራችን ጀናዛ ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ የለም። ባለሱቁ ሱቁን ትቶ፣ ባለባጃጁ ባጃጁን አቁሞ ገባበት። ትከሻውን ሰጥቶ "ማን ነው?" ሲል ከፊት ያለው "የመካኒኩ ነው" ይለዋል። እውነቱን ነው፣ የመካኒኩ ነው። ደግሞም ጎረቤቱ ሁሉ ምሰሶው ለሚቆምበት ኮንክሪት ግቢዬን ስቆፍር ስሰነብት አይቶኛል።

የመጀመሪያውን ምሰሶ አስገብተው ለሁለተኛው ተመለሱ። ያኔ ነገሩ ባሰ። "ሚስቱም ደንግጣ ሞተች" ተባለ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ የኛ ሰፈር የጨመረው ሬሳ ነው።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ጎንበስ ብዬ የብሎን ቀዳዳ ስለካ ከአጥሩ ውጪ ለቅሶ ሰማሁ። የማን ይሆን ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። አንዱ "ጥሩ ሰው ነበር" አለ። ሌላው "ጥሩ ነበር፣ ቀጠሮ ግን አያከብርም ነበር፤ አላህ ይማረው" አለ። ሦስተኛው "የኔ መኪና ሞተሩ ወርዶ እዚያ ውስጥ ነው፣ አሁን ማን ይገጥምልኛል?" ብሎ ከሁሉም አብልጦ አለቀሰ። ብቅ ብዬ "ሐሙስ ይደርስልሃል" አልኩት። ጮኸ።

ባለቤቴ በበኩሏ የግቢው በር ላይ ቆማ አለመሞቷን ለሴቶቹ ታስረዳለች። ከፊሎቹ ደስ አላቸው፣ ከፊሎቹ ንፍሮ ቀቅለው መጥተው ስለነበር ትንሽ ቅር አላቸው። የቅሬው ዳኛ ሁኔታውን አይተው "ለቀብር የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፣ ኑ ይኸን ብረት አቁሙ" አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ተረባርቦ ምሰሶዎቹን አቆመልኝ። ባልሞት ኖሮ ያን ያህል ሰው ከየት አገኝ ነበር?

ሐጂ የደረሱት ይሄኔ ነው። ኮምቦልቻ የተደወለላቸው ሁለታችንም ሞትን ተብሎ ነው። የእኔ ስልክ ቤት በሰቀልኩት ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ የባለቤቴ ደግሞ ባትሪው አልቆ ነበር። ፒክአፓቸውን በሩ ላይ አቁመው ወረዱ፤ ጫማቸው የተለያየ ነው። እህታቸውን አዩና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሊመቱኝ የሚመጡ መስሎኝ ነበር፤ እጄን ይዘው መዳፌን አገላበጡት፣ ትከሻዬን፣ ደረቴን ዳበሱ።

"ክሪኩ ነው ብዬ" አሉኝ። "እንዴት ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። ክሪኩ ነው ብዬ ነው የመጣሁት።"

ያን ጊዜ ነው ወንበሩ የገባኝ። ሊያዋርዱኝ ሳይሆን ከመኪና ስር ሊያወጡኝ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የደወሉት።

ብሎኑን አጥብቄ፣ ገመዱንና ዘይቱን ጨርሼ እስክነሳ የዐስር ሶላት ተሰግዶ አበቃ። ሐጂ አንድ ጥግ ቆመው አልተነቃነቁም። "ማሻአላህ" የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ለሙከራ መኪናዬን ላምጣ የሚል ግን የለም፤ ሁሉም ጉዳይ እንዳለው ትዝ አለውና አንድ በአንድ ሹልክ አለ። ሐጂ ቁልፋቸውን ወረወሩልኝ።

ፒክአፓቸውን ላስገባ ስል ጭነቱን አየሁት። ለለቀስተኛ መቀመጫ ብለው የሱቁን ወንበሮች በሙሉ ጭነው መጥተዋል። ከሁሉም በላይ የኔው፣ ባለ ስፖንጁ አለ። አውርጄ ደጅ ደረደርኳቸው።

ክንዶቹን አስተካክዬ የሊፍቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ሞተሩ አጓራ፣ መኪናው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከራሴ በላይ ወጣ። ገባሁ፤ ቆሜ ገባሁ። ሐጂም ተከትለውኝ ገቡ። መብራት የጠፋው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ሞተሩ ዝም አለ፣ አምፖሉ ጨለመ። ሐጂ እጄን ጨበጡኝ። ቀና ብለን አየን። መኪናው እዚያው ነው።

"አይወርድም?" አሉ።

"እኔ ካላወረድኩት አይወርድም።"

ምሰሶውን በእጃቸው ገፉት፣ ደግመው ገፉት። "ያኔ ሐርቡ ላይ ይኸ ቢኖር" አሉና አልጨረሱትም።

ቀጥለው "ያን ወንበር አምጣው" አሉኝ። አመጣሁላቸው። ከመኪናቸው ሆድ ስር፣ መሃሉ ላይ አስተካክለው አስቀመጡና ተቀመጡበት። ባለቤቴ የንፍሮ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ወንድሟን አየች፣ ቀና ብላ መኪናውን አየች። ከዚያ ገባች። መብራት እስኪመጣ ሦስታችንም እዚያው ስር ሆነን የለቅሶዬን ንፍሮ በላን።