በቅቤ ውስጥ የመጣው የወርቅ ብዕር

ልጄ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ቀጠሮ ይዞልኝ ነበር። የአባቱን የወርቅ ብዕር ከሳጥኔ አውጥቼ ሆሳዕና ገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ እንዳደርስ፣ ወርቅ ሠሪውም ክዳኑ ላይ የልጅቷን ስም እንዲቀርጽበት። ልጅቷ የልጅ ልጄ ናት። ሕግ ተምራ ጨርሳ ዳኛ ልትሆን ነው፤ ቃለ መሐላ የምትፈጽምበት ቀን አንድ ሳምንት ቀርቶታል። አባቷ ያን ቀን ብዕሩን በሰው ሁሉ ፊት እኔ እንድሰጣትና እንድመርቃት ፈልጓል። "አባቴ በታማኝነቱ የተሸለመውን ብዕር እናቴ ለልጄ ስትሰጥ ታያላችሁ" እያለ ለዘመድ ሁሉ ሲደውል ሰንብቷል።

ያ ብዕር ሽልማት እንዳልሆነ የማውቅ፣ በሕይወት ያለሁ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ብዕሩ የምር ብዕር ነው። ወርቅ ሠሪው ባለፈው ጊዜ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈትጎ አይቶት፣ አካሉ ብር ሆኖ ወርቅ የለበሰ ነው፣ ጫፉ ግን ንጹሕ ወርቅ ነው ብሏል። እንዲህ ያለ አሁን አይመጣም፣ የሚይዙትም ሚኒስትሮች ናቸው አለ። ልጄ ይህን ሲሰማ ደረቱ ሰፋ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ይህችው የልጅ ልጄ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ እኔን አስቀምጣ አስተማሪ ትሆንብኝ ነበር፤ ስሳሳት በእርሳስ ጉልበቴን ትመታኛለች። አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነው። ከሞርሲቶ ስዳር ይዤ የሄድኩት ሀዲይኛ ነበር፣ የባሌ ቤት ደግሞ ከንባትኛ ያወራል፣ ስለዚህ እኔና ባሌ አማርኛ ላይ ተገናኘን። እሱ ከሞተ ወዲህ አንድ ቦታ አልቀመጥም። ሆሳዕና ወንዱ ልጄ ጋ እከርማለሁ፣ ሾኔ ሴቷ ልጄ ጋ እሄዳለሁ፣ በመሃል ገበያ ካለ እወርዳለሁ። ልጆቼ እግርሽ ጎማ ነው ይሉኛል።

ባሌ ያኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟ ይቅር፣ ፍርድ ቤት ውስጥ የመዝገብ ሠራተኛ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መንገድ ዳር ቦታ ነበራት፤ አንድ ነጋዴ ወፍጮ ሊተክልበት ፈለገና ተካሰሱ። ሴትየዋን አውቃታለሁ። ለቀጠሮ ስትመጣ በደጃችን ታልፋለች፣ ውኃ ትለምነኛለች፣ ጠጥታ የጣሳውን አፍ በቀሚሷ ጠርጋ ትመልስልኛለች።

በዚያው ሰሞን የበኩር ልጄን ወለድኩ። አራስ ሲጠየቅ ቅቤ ይመጣል፤ ከጎረቤት ቅቤ ያላመጣ አልነበረም። የነጋዴው ሚስትም መጣች። በኮባ የተጠቀለለ፣ የጨቅላ ራስ የሚያክል ለጋ ቅቤ አስቀመጠች፤ ልጁን አይታ አፍንጫው የአባቱ ነው አለች፤ ብዙም አልተቀመጠችም። በማግስቱ ቅቤውን ለማንጠር ስቆርስ ቢላዋው ኪር አለ። ሚዛን እንዲደፋ ድንጋይ ከተቱበት ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ጣቴን ሰድጄ ባወጣው በላስቲክ የታሰረ ብዕር ነው፤ ቅቤ በቅቤ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ባሌ ለምሳ ሲመጣ አሳየሁት። ማን አመጣው አለኝ፣ ነገርኩት። በነጠላዬ ጫፍ ጠረገውና አልጋው ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ልጁ አለቀሰ፣ እሱ ቀና አላለም። ኋላ ላይ፣

"ቅቤውን አንጥሪው" አለኝ።

አነጠርኩት። አናቴን ተቀባሁት፣ በላነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከኮቱ ሥር በክር የታሰረ ፋይል ይዞ መጣ። የማይረባ ወረቀት ነው፣ ጎመኑ ሥር አንድጂበት አለኝና ወደ ጓሮ ወጣ። እኔም አንድ በአንድ እየሳብኩ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩ። ያኔ ሀ እና ለን አልለይም፤ ወረቀት ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። መጨረሻ አካባቢ ግን ታች ላይ ሐምራዊ የጣት አሻራ ያለበት መጣ። ማንበብ ባልችልም አሻራ አውቃለሁ፤ እኔም የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ወንድ አሻራ አልነበረም፣ ትንሽ ነው፣ መሃሉ ላይ የቢላዋ ጠባሳ የመሰለ ሰረዝ አለው። ያቺ ውኃ አጠጥቻት የምትመርቀኝ ሴትዮ ጣሳ ስትመልስልኝ ያንን ጣት አይቼዋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ቆየሁ። ጎመኑ መገንፈል ጀመረ። ከዚያ ጨመርኩት።

ብዙ ዓመት ለራሴ 'ማንበብ አልችልም ነበር' እያልኩ ኖሬያለሁ። ያቺን አንዷን ግን አንብቤያታለሁ።

ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ፋይሏ እንዳልተገኘ እየተነገራት ብዙ ተመላለሰች። አንድ ቀን መምጣቷን ተወች። ወፍጮው ተተከለ። እሷ ልጇን ይዛ ሀደሮ ወገኖቿ ጋ ሄደች ተባለ።

ባሌ ብዕሩ ውስጥ ቀለም አስገብቶ አያውቅም። ሠርግ ሲኖር የደረት ኪሱ ላይ ይሰካዋል፣ ሲመለስ ነቅሎ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ልጃችን አድጎ አባዬ ይሄን ከየት አመጣኸው ብሎ ሲጠይቀው፣ ሥራዬን አይተው ሰጡኝ አለው። ወደ እኔ አላየም። ልጁ ያንን ይዞ አደገ፣ ለልጁም አወረሰ። የልጅ ልጄ ሕፃን ሳለች ክዳኑን ከፍታ እያሸተተች፣ የአያቴ ብዕር ቅቤ ቅቤ ይላል ትል ነበር። ከእማማ ልብስ ጋር ስለተቀመጠ ነው ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እንግዲህ የቀጠሮው ዕለት ብዕሩን በመቀነቴ አስሬ ወደ ወርቅ ሠሪው ወጣሁ። ሱቁ በር ላይ ደረስኩ። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ እየጠበቀኝ ነበር፣ ይግቡ እናቴ አለኝ። ስሟ አንዴ ከተቀረጸበት አይነሳም ብዬ አሰብኩ። ቆይ መጣሁ አልኩትና መናኸሪያ ሄጄ የሀደሮ መኪና ላይ ወጣሁ።

የሴትየዋ ልጅ የት እንዳለች አውቅ ነበር። ሀደሮ ገበያ ዝንጅብል ትሸጣለች፤ ፊቷ ቁርጥ እናቷን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቻት ሁለት ጊዜ በሌላ በኩል ዞሬያለሁ። አሁን ፊቷ ቆምኩ። ዓይኔን ዝንጅብሉ ላይ ተከልኩ።

"እማማ፣ ዝንጅብሉን በዓይንሽ ጨረስሽው" አለችኝ። "ትገዢያለሽ ወይስ ልታጪው ነው?"

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ተቀመጥኩ። ባሌ ማን እንደነበረ፣ ቅቤው፣ ብዕሩ፣ እሳቱ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ዝንጅብሉ ላይ ያለውን አፈር በአውራ ጣቷ እየፈገፈገች ትሰማኛለች። ስጨርስ እናቷ ከሞተች ብዙ ጊዜ እንደሆነ ነገረችኝ።

"ባልሽን ስትመርቅ ነው የሞተችው" አለች። "ከፍርድ ቤቱ ሰው ሁሉ ወንበር የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው ትል ነበር።"

ይሄን እንኳ አልጠበቅሁም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መቀነቴን ፈትቼ ብዕሩን እጇ ላይ አደረግሁ። አገላብጣ አየችው፣ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ምን ላድርገው? ዝንጅብል አይፋቅበትም። ፊደል ትችያለሽ?"

ትንሽ አልኳት።

"እንግዲያው ጻፊልኝ። ቦታው የእናቴ እንደነበረ፣ ወረቀቷን ማን እንዳቃጠለው። ዘመዶቻችን ዛሬም ያለ ማስረጃ ሰው ስትከስ የኖረች ነገረኛ ነው የሚሏት። ልጆቼም ሰምተዋል።"

ሆሳዕና ስመለስ የልጅ ልጄ ለቃለ መሐላው የምትለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች አገኘኋት። ብዕሩስ፣ ተቀረጸ ወይ አለችኝ። በሩን ዘግቼ ነገርኳት። መሃል ላይ ካውያውን ነቀለችው። እኔ ካበቃሁ በኋላም እጇ ሸሚዙ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ለምን ዛሬ?" አለችኝ።

"ስምሽ ሊገባበት ሆነ።"

"አባቴ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እማማ፣ እኔ ዳኛ ለመሆን ያሰብኩት በዚያ ብዕር ምክንያት ነው" አለችኝ። አቀፈችኝ ልበል? አላቀፈችኝም። የሴትየዋን ስም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በሰማያዊ እስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈችው፣ ልጅ ሳለች የቤት ሥራ እንደምትጽፈው።

ለአባቷ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ እሷ ልንገረው ብላ ነበር፣ የኔ ነው አልኳት። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ተነስቶ ቆመ፣ ተቀመጠ።

"አባቴን ከመቃብር አውጥተሽ ገደልሽው" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። በቃለ መሐላው ቀን የልጅ ልጄ ጠረጴዛው ላይ በነበረው ተራ እስክሪብቶ ፈረመች። ዘመዶች ልጄን ስለ ብዕሩ ሲጠይቁት፣ እናቴ ገበያ ጣለችው አላቸው። አረጀች ብለው አዘኑልኝ። ዝም አልኩ፤ እሱን ደግሞ በሰው ፊት ማዋረድ አልፈለግሁም።

አሁን ሾኔ ሴቷ ልጄ ቤት ነው ያለሁት። ብዕሩ መቀነቴ ውስጥ ነው፣ የተቀበለኝ የለም። ስጎነበስ ጎኔን ይወጋኛል። ወረቀቱን ግን ጽፌ ጨርሻለሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ፊደሉ ተንጋዷል፣ አንዳንዱ መስመር ወርዶ ሌላው ላይ ተቀምጧል። ባሌ ጋ ስደርስ ወንበር ይሰጣት እንደነበርም ጻፍኩ፣ እሱም እውነት ነውና። የአሻራዋ ወረቀት ላይ ስደርስ ደግሞ 'አውቄ ጨመርኩት' ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዣት ሁለት ጊዜ መልሻታለሁ።

ትናንት የልጅ ልጄ ደወለች። አባቷ ደውሎልኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ የለም አልኳት። እሷም፣ ወረቀቱ ምስክር ያስፈልገዋል፣ የገበያ ቀን መጥቼ አብሬሽ ሀደሮ እሄዳለሁ አለችኝ። የሴትየዋ ልጅ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እፈርማለሁ፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ አለች።

የአሻራ ቀለምም አምጪ አልኳት።

"ለምን? ስምሽን ትጽፊ የለ እንዴ፤ እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ?"

ስሜን ጽፌያለሁ፣ ከጎኑ ግን አውራ ጣቴ ይኑርበት፣ ሴትየዋም በአውራ ጣቷ ነበር የፈረመችው አልኳት።

ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ወይስ ሐምራዊ ብላ ጠየቀችኝ።