በእጅጉ ቀብር ላይ ማንም አልተነሣም

በሞተ ሰው ላይ አልዋሽም፤ እጅጉ ኩሩ ነበር። ቡሬ ውስጥ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ቤቱ ጨው ሲያልቅ እንኳ ሚስቱን ዓለምብርሃንን ወደ እኔ አይልካትም፤ አልጫውን በልቶ ያድራል። «ኧረ አንተ ሰው፣ ጨው እኮ ነው!» እለዋለሁ። ይስቅብኛል።

ነገሩ ከአባቱ ቀብር ነው የመጣ። በእኛ አገር ሬሳው አፈር ሳይለብስ «ዕዳ የሚጠይቀው ካለ ይናገር» ይባላል፤ ነፍሱ ታስራ እንዳትቀር። ያን ቀን አንድ የዱርቤቴ ነጋዴ ብድግ ብሎ የበቆሎ ዕዳ ጠየቀ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ልጁን አየ። እጅጉ ከዚያ ወዲያ ከሰው እጅ ላይበደር ማለ።

ከሰው እጅ ነው ያልኩት።

ፋብሪካ በጥበቃ ተቀጠረ። ልጃቸው አደይ በጠና ታማ ባሕር ዳር መወሰድ ሲኖርባት፣ ባልደረባው ክንፈሚካኤል ደመወዝ ሳይደርስ በስልክ ቀድሞ መውሰድን አሳየው። ዋስ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ፊትህን የሚያይ የለ። «ይኼ ብድር አይደለም፣ የገዛ ላቤ ነው» አለ እጅጉ። አደይ ዳነች፣ ተመስገን። ወሩ ሲያልቅ ግን ስልኩ የሰጠውን ከነትርፉ ቆርጦ ወሰደ። እጅጉም የጎደለውን ለመሙላት እንደገና ቀድሞ ወሰደ። ሲከብደው ደግሞ «በየወሩ ከፋፍለህ ክፈል» ተባለ። ለዓለምብርሃን ትንፍሽ አላለም። የሰው ፈረቃ እየደረበ ቀንም ሌትም ይቆም ጀመር። አንድ ማለዳ እዚያው በሩ ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም።

ቀብሩ ላይ የንስሐ አባቱ ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። ማንም አልተነሣም። ዓለምብርሃን እጄን ጨብጣ፣ «እትዬ በለጠች፣ ነጻ ሄደልኝ» አለችኝ። እኔም ኮራሁበት፣ ምን እዋሻለሁ!

ከሠልስቱ በኋላ የመጨረሻ ደመወዙን ልትቀበል አብሬያት ሄድኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋች።

«ተወስዷል።»

«ሞቶ ማን ወሰደው?»

«ቀድመው እሳቸው ናቸው የወሰዱት።»

ክንፈሚካኤል የእጅጉን ስልክ ከፍቶ ያልተከፈለ ገና ብዙ እንዳለ ነገረን።

«ተይው!» ብዬ ዓለምብርሃን ላይ ጮኽኩ። «ቀብሩ ላይ ተጠይቋል፣ የተነሣ የለም!»

«ስልክ ቀብር አይመጣም እትዬ። እግዜር ግን ያውቀዋል» አለችኝ።

የሰው ልብስ እያጠበች በየወሩ በእጅጉ ስም ከፈለች። አርባው ያለ ተዝካር አለፈ። የቤት ኪራይ ተጠራቀመ፤ አከራዩ እስከዚህ ቅዳሜ ካልከፈለች እንደሚያስወጣት ነገራት። እሷ ግን ስልኩን አስቀደመች። እኔ እናደዳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ያለችኝን እሰጣታለሁ።

ዛሬ የመጨረሻውን ከፈለች። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ፣ «አሁን ነፍሱ ተፈታች» ብላ አማተበች። ከባሏ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ማንበብ ስለማትችል ለአደይ ሰጠቻት።

«ውድ ደንበኛችን አቶ እጅጉ» ብላ አነበበች ልጅቱ፣ «ዕዳዎን በታማኝነት ስለከፈሉ እናመሰግናለን። ከቀድሞው የሚበልጥ ብድር ተፈቅዶልዎታል።»

«ዝጊው!» አልኩ እኔ።

ዓለምብርሃን መሬት መሬት አየች። ቅዳሜ ነገ ነው።

«አደይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስንት ነው የሚለው?»